ድልድዩ ላይ ተገናኙ ወይስ አልተገናኙም?

የባለቤቴ አባት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠራዥ ናቸው። ሥራ ቦታቸው በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ «ሙጫ» ነው የሚሏቸው። በሳሙና ቢታጠቡ፣ በላምባ ቢያሹት፣ ከጥፍራቸው ሥር የደረቀ ሙጫ አይጠፋም። ጠዋት እጃቸውን ለሰላምታ ሲዘረጉ የበሩ ጥበቃ፣ «ቀስ በል አንተ፣ ተጣብቀን እንዳንውል!» ይላቸዋል። ጥበቃው ደግሞ «ፊሽካ» ነው። ድሮ የእግር ኳስ ዳኛ ነበር፤ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ሜዳውን ተወ፣ ፊሽካውን ግን አልተወም። ቦርሳውን ሳያስፈትሽ የሚያልፍ ሰው ካየ እስከ ዛሬ ይነፋበታል።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። እኔና ትንሿ ልጄ የምንኖረው ከእሱ ወላጆች፣ ከአባባና ከእማማ ጋር ነው። ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ማድ ቤት አለችን። መስኮቱ ሥር የእማማ የስፌት መኪና ተቀምጣለች። እማማ የሆስፒታል አንሶላ ይጠግናሉ፤ የተቀደደውን ይጥፋሉ፣ መሀሉ የሳሳውን ደግሞ ለሁለት ይተረትሩና ዳርና ዳሩን አጋጥመው ይሰፉታል። አዲስ አንሶላ ወጣው ማለት ነው። ከእራት በኋላ እማማ መኪናቸው ላይ ሲቀመጡ አባባ አልጋው ጫፍ ላይ ሆነው ልቦለድ ይነግሯቸዋል።

ያነቡላቸዋል አላልኩም። ይነግሯቸዋል ነው ያልኩት። ለጥገና የገባ መጽሐፍ ከጥረዛ ክፍል እንዳይወጣ ደንብ አለ። ስለዚህ አባባ በምሳ ሰዓት ያነቡትን በቃላቸው ይዘው ይመጣሉ። እማማ እግራቸውን ከመርገጫው ሳያነሡ ያዳምጣሉ፤ ነገሩ ሲከር ግን መኪናዋ ቀጥ ትላለች። «እንዳታገባው በላት! እንዲህ ዓይነቱን ወንድ እኔ አውቀዋለሁ!» ይላሉ፤ ያቺ ልጅ እንደምትሰማቸው ሁሉ።

ከሁሉም ልቦለድ ግን እማማ አንዱን እንደ ልጃቸው ነው የሚወዱት። እኔ ቤታቸው የገባሁ ሰሞን የነገሩኝ የመጀመሪያ ወሬ እሱ ነው። እማማ ወጣት ሳሉ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ሌላ ከተማ ያለው ወንድማቸው «ሥራም ባልም አግኝቼልሻለሁ፣ ነዪ» ብሎ የአውቶቡስ ትኬት ልኮላቸዋል። በዚያው ሰሞን አባባ፣ ያኔ ጥረዛ ክፍል ገና የተቀጠሩ ቀጭን ጎረምሳ፣ ምሳ ሰዓት ላይ በሆስፒታሉ አጥር ጥግ ካለው አግዳሚ ወንበር እየተቀመጡ አንድ ረጅም ልቦለድ በየቀኑ እየቆረሱ ይተርኩላቸው ነበር። አንዲት ልጅ ከአባቷ ጋር በጀልባ ሰው ታሻግራለች። አንድ መሐንዲስ ወንዙ ላይ ድልድይ ሊሠራ ይመጣል። ይዋደዳሉ። ችግሩ፣ ድልድዩ ያለቀ ቀን የጀልባው ሥራ ያከትማል፤ አባትየው ደግሞ «እሱን ወይ እኔን» ብሏታል።

«መጨረሻውን የነገረኝ ቀን» ይላሉ እማማ፣ እዚህ ላይ ሁልጊዜ እጃቸውን ከሥራ አሳርፈው፣ «እሱ ከወዲያ ማዶ፣ እሷ ከወዲህ ማዶ ተነሡ፤ ድልድዩ መሀል ላይ ተገናኙ ሲለኝ፣ ብድግ ብዬ ሄጄ ትኬቱን መለስኩት። ለዚህ ሰውዬ ብዬ እንዳይመስልሽ! ለድልድዩ ብዬ ነው የቀረሁት!»

እሳቸው ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። አባባ ግን ይህ ወሬ በተነሣ ቁጥር አቀርቅረው ጣታቸውን ይፍቃሉ። እኔ ሙጫ የሚያላቅቁ ይመስለኝ ነበር።

ጣጣው የመጣው የመሥሪያ ቤቶች የጥያቄና መልስ ውድድር የተዘጋጀ ጊዜ ነው። ኮሚቴው ውስጥ አንድ የባህል ሰውና አንድ የስፖርት ሰው ነበሩ አሉ። የባህሉ ሰው ጥያቄው ሁሉ ስለ ዝነኛ ልቦለዶች ይሁን አለ። የስፖርቱ ሰው፣ ስለ ዓለም አቀፍ የስፖርት ድርጅቶች ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። አንዱ ለአንዱ አልበገር ሲል ግማሽ ግማሽ ተካፈሉት። እንዲህ ያለ ውድድር እኔ ሰምቼ አላውቅም፤ አንዱ ጥያቄ «ከወፍጮ ቤቱ እኅቶች ቀድማ ያገባችው የትኛዋ ናት?» ሲል፣ ተከታዩ «የዓለም መረብ ኳስ ፌዴሬሽን ዋና መሥሪያ ቤት የት ነው?» ይላል። ከየመሥሪያ ቤቱ ሁለት ሁለት ሰው ይላክ ተባለ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ብዙም አላወጡ አላወረዱ። «ለልቦለዱ ሙጫ፣ ለስፖርቱ ፊሽካ» ብለው አስመዘገቡ። ሴትዮዋ ቆራጥ ናቸው።

እማማ ወሬውን እስከ ዳቦ መሸጫው ድረስ አዳረሱት። የአባባን ኮት አጥበው፣ ተኩሰው፣ በር ላይ ሰቀሉት። ማንም እንዳይነካው ተባለ።

ከዚያ ኮሚቴው ጥያቄ የሚወጣባቸውን ልቦለዶች አስታወቀ። የድልድዩ ልቦለድ አለበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባባ ምግብ አልወርድ አላቸው።

«ፈተና የፈራ ተማሪ መሰልክ እኮ!» አሉ እማማ። «ከነዚህ ውስጥ በእጅህ ያላለፈ መጽሐፍ አለ?»

«የለም።»

«ያልነገርከኝስ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው እንደዚህ ቀልብህን የገፈፈው?»

«ምንም። ጨጓራዬ ነው።»

እኔ ነገር ሲከብድ ሥራ መያዝ ነው የሚቀናኝ። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ፤ ማንበብ አያቅተኝም። «አባባ፣ እኔ ልጠይቅዎትና እርስዎ ይመልሱ፤ በልምምድ ፍርሃቱ ይለቃል» አልኳቸው። ከፎቅ፣ ከንባብ ክፍሉ፣ ሙሉ ሙሉውን መጽሐፍ እያስመጣሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ልጄን አዝዬ ጥረዛ ክፍል እወርድ ጀመር። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ የብረት መጭመቂያ፣ የክር ጥቅል፣ ወስፌ፣ የሙጫ ጣሳ። መስኮቷ ከጣሪያው ሥር ያለች ጠባብ ናት፤ በእሷ በኩል የሚታየው የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነው።

መጀመሪያ በወፍጮው ልቦለድ ጀመርኩ። «ታናሿ እኅት መጨረሻ ላይ ምን አገኘች?»

«ወፍጮውን ወረሰች» አሉ ያለ ማመንታት።

ገጹን አየሁ። ወፍጮው ተቃጥሏል፤ ታናሿ እኅት አመዱ ላይ ቆማለች። እኔው ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ወደ ሌላ መጽሐፍ አለፍኩ።

«ሰዓት ሠሪውና ልጁ ታረቁ?»

«ታረቁ እንጂ! አብረው ሱቅ ከፈቱ።»

ልጁ የአባቱን ደብዳቤ ሳይከፍት ምድጃ ውስጥ ጥሎታል። መጽሐፉ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

«አባባ፣ እርስዎ የሚሉት ሌላ መጽሐፍ ይሆን እንዴ?»

ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት የተጎዱ መጻሕፍት አንዱን አነሡና ጀርባውን አሳዩኝ። «መጽሐፍ እንዴት እንደሚሰፋ ታውቂያለሽ? ወረቀቱ በጥቂት በጥቂቱ ይታጠፍና እጥፋቱ ከእጥፋቱ ጋር በክር ይያያዛል። መሀል ያለው ጎረቤት ስላለው አይነቃነቅም። የመጨረሻው እጥፋት ግን ሽፋኑን ይዞ ብቻውን ነው የሚጎተተው። ሰው ደግሞ አያስችለውም፤ ገና ሳይጀምር መጨረሻውን ገልጦ ያያል። እሱ ነው ቀድሞ የሚወልቀው።»

«እና?»

«እናማ እኔ ጋ የሚመጣው መጨረሻው የጠፋው ነው። ጤነኛ መጽሐፍ እኔ ጋ ምን ሊያደርግ ይመጣል? ደንቡ በጎደለው ቦታ ባዶ ወረቀት ስፋ ይላል፤ ሙሉው ቅጂ ሲገኝ የጎደለው ይገለበጥበታል።» ወስፌውን ከወዲያ ወዲህ አንከባለሉት። «ለእማማሽ ግን ባዶ ወረቀት አይተረክም።»

«የድልድዩስ?»

«እሱም።»

«ሙሉው እኮ እዚሁ ፎቅ ላይ ነበር!»

«ነበር። ስንቴ በአጠገቡ አልፌያለሁ። ምናልባት ገምቼው ይሆናል እያልኩ ነው የኖርኩት። ማን ያውቃል? ካልከፈትኩት እንደገመትኩት ይቆያል።» ቀና ብለው አዩኝ። «እኔ አልከፍተውም፤ አንቺ ክፈቺው።»

ከፈትኩት። አንብቤ ስጨርስ ፊቴ ሳይናገርብኝ አልቀረም፤ ከእጄ ተቀበሉኝና መስኮቷ ሥር ቆመው አነበቡት። ድልድዩ ተመርቋል፣ ሙዚቃ አለ። መሐንዲሱ ሰዉን እየጣሰ ወደ ወዲህ ማዶ ይሮጣል። የልጅቷ ቤት በር ላይ የማያውቀው ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ጀልባዋ ዳር ላይ ተገልብጣ ሣር በቅሎባታል። ልጅቷና አባቷ ከሄዱ ቆይቷል። የት እንደሄዱ የሚነግረው ሰው እንኳ የለም።

አባባ መጽሐፉን ከደኑና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ በሁለት እጃቸው ተጫኑት። ገና ሙጫው ያልደረቀ ይመስል። ልጄ ጀርባዬ ላይ ሆና የመጭመቂያውን እጀታ ለመያዝ ትንጠራራለች።

«እማማሽ እንዳትሰማ።»

«ኧረ አባባ! ጥያቄው ከወጣ አዳራሽ ውስጥ መስማታቸው አይቀርም። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእርስዎ ቢሰሙት አይሻልም?»

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ግን መነቅነቅ ሌላ፣ መናገር ሌላ።

ያን ምሽት ሦስት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስሚ እስቲ፣ ያ ድልድይ…» ሲሉ፣ እማማ ክር እየቆረጡ፣ «ለእሱ ብዬ አይደል እዚህ የቀረሁት!» ብለው ሳቁ። አባባ ቃላቸውን ዋጡት። በማግስቱ ሌላ መንገድ ሞከሩ።

«አዳራሹ ይበርዳል አሉ።»

«ካፖርት አለኝ።»

«ወንበሩም ጣውላ ነው፣ ወገብሽን…»

«ትራስ እይዛለሁ።»

«ልጅቷን ማን ይይዛታል?»

«እሷም ትመጣለች! አያቷ ሲያሸንፍ ትይ እንጂ!» አሉና ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋቸው። «አንተ ሰውዬ፣ እንዳልመጣ ነው እንዴ የምትፈልገው?»

«ኧረ እኔ ምን ወጣኝ።»

ከውድድሩ ለመውጣትም ሞክረዋል። ኃላፊዋ «ስም ከተላከ ተላከ» አሉ። ፊሽካ ደግሞ ነገሩን ሲሰማ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «ጥለኸኝ ልትሄድ? ለብቻዬ ልቦለድ ልመልስ? ሙጫ ሙት፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ያነበብኩት ቢጫና ቀይ ካርድ ነው!»

ፊሽካንም በሩ ላይ እየሄድኩ አስጠናው ነበር። በስፖርቱ ችግር ያለበት አይመስልም። «ፊፋ የት ተመሠረተ?» ስለው «ፓሪስ!» ብሎ አጭር ፊሽካ ይነፋል። «ዋና መሥሪያ ቤቱስ?» «ዙሪክ!» ፊው። «የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ?» «ሎዛን!» ፊው። ልጄ ፊሽካው በተነፋ ቁጥር ትፈነድቃለች።

«የዓለም አትሌቲክስ?»

«ለንደን!» ፊው።

«ጋሼ፣ ሞናኮ ነው የሚለው።»

ፊሽካው ከአፉ ወደቀ። «መቼ ሄደ?»

«ኧረ ቆይቷል።»

«ለእኔ ሳይነግሩኝ? እኔ ሜዳ ላይ ሳለሁ ለንደን ነበር። ከወጣሁ በኋላ ዕቃቸውን ጭነው የሚዞሩ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ?»

«በቃ ሞናኮን ያስታውሱ።»

«ሞናኮ፣ ሞናኮ፣ ሞናኮ» እያለ ሲደጋግም አንዲት ተማሪ ከነቦርሳዋ ሳትፈተሽ አለፈችው።

ቀኑ ደረሰ። እማማ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ትራሳቸውን ታቅፈው፣ ሁለት ጎረቤት አስከትለው ፊት ለፊት ተቀመጡ። እኔ አጠገባቸው ነኝ፤ እጄ ቀዝቅዞ ልጄ ስነካት ትሸሸኛለች። መድረኩ ላይ አባባ በተተኮሰው ኮት ውስጥ ትንሽ ሆነው ታዩኝ። የልቦለድ ጥያቄ በተነበበ ቁጥር እስትንፋሴን እይዛለሁ። «በስንት ሰዓት ባቡሩ ደረሰ»፣ «የጎረቤቲቱ ሥራ ምን ነበር» የሚል ሲሆን እፎይ እላለሁ፤ መሀል ነዋ! መሀሉን አባባ እንደ እጃቸው መዳፍ ነው የሚያውቁት። ሆስፒታሉ ወደቀ፣ ፖስታ ቤቱ ወደቀ። መጨረሻ ላይ ከውሃ ክፍል ሰዎች ጋር ቀሩ።

ልክ ነጥባቸው በአንድ ሲበልጥ የስፖርት ጥያቄ ለፊሽካ ወጣ። «የዓለም አትሌቲክስ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው የት ነው?»

ፊሽካ ወደ እኔ አየ። እኔ በከንፈሬ «ሞ» አልኩ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ፣ በዳኝነት ድምፁ፣ «ለንደን!» አለ።

የውሃ ክፍሎቹ ሞናኮ ብለው ነጥቡን ወሰዱት። እኩል ሆኑ። ጠያቂው፣ መነጽራም ወጣት፣ የመጨረሻው ጥያቄ ለቤተ መጻሕፍቱ ነው፣ ከመለሱ ያሸንፋሉ፣ ካልመለሱ ዋንጫው የውሃ ክፍል ነው አለና ፖስታውን ቀደደ። ገና ስለ ጀልባዋ ልጅ ማንበብ ሲጀምር ልጄን አጥብቄ ያዝኳት።

«…ድልድዩ በተመረቀበት ቀን መሐንዲሱና ልጅቷ ድልድዩ ላይ ተገናኙ ወይስ አልተገናኙም?»

እማማ ጭኔን በጥፊ መቱኝ። «ይቺንማ እኔም እመልሳታለሁ!» ለጎረቤቶቹም ዞረው፣ «ትኬቴን የመለስኩበት እሱ ነው!» አሉ፣ አዳራሹ እስኪሰማ።

አባባ እማማን አዩ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ትላለች። ፊሽካ በክርኑ ይጎስማቸዋል። «መልስ እንጂ አንተ፣ አለቀ እኮ!»

«የምትጠይቁኝ በመጽሐፉ ነው?» አሉ አባባ።

«አዎ አባቴ፣ በመጽሐፉ።»

«በመጽሐፉ…» ጣታቸውን ፈቁ። «በመጽሐፉ አልተገናኙም።»

እማማ ከነትራሳቸው ብድግ አሉ። «ኧረ ተገናኝተዋል! መሀል ላይ! ደንግጦ ነው፣ እንደገና ጠይቁት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጠያቂው ፈገግ ብሎ፣ «እናቴ፣ መልሱ ትክክል ነው። አልተገናኙም» አላቸው።

«ማን ነው ያለው?»

«መጽሐፉ።»

እማማ ወደ መድረኩ ዞሩ። አባባ ዓይናቸውን አላሸሹም። እማማ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ትራሱ ከሥራቸው መሆኑ ቀርቶ ደረታቸው ላይ ነበር። ፊሽካ ፊሽካውን እየነፋ አባባን አቅፎ ያነሣል፣ ኃላፊዋ ያጨበጭባሉ፣ ዋንጫ ይመጣል። ከእኛ ወገን የሳቀችው ልጄ ብቻ ናት።

ወደ ቤት ስንመለስ እማማ ቀድመው ሄዱ። እኔ ከአባባ ጋር ከኋላ ቀረሁ። «ተገናኙ ቢሉስ ኖሮ?» አልኳቸው ቀስ ብዬ። «ዋንጫው ቢቀርስ?»

«ተገናኙ ብል ያ ልጅ ተሳስተዋል ብሎ ገጹን ያነብላታል። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማ አላልሽኝም?» አሉ።

ቤት እንደገባን እማማ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ «ያኔ አልተገናኙም ብትለኝ ኖሮ ትኬቱን አልመልስም ነበር» አሏቸው።

«ያኔ አላውቅም ነበር። ገጹ የለም፣ ወልቋል።»

«ታዲያ ገጹ የለም አትለኝም?»

«ብልሽ ትሄጃለሽ።»

ከዚያ በኋላ ባሉት ምሽቶች ቤታችን ውስጥ የሚሰማው የመኪናዋ ድምፅ ብቻ ሆነ። አባባ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ መልሰው ይዘጋሉ። እማማ ምግብ ያቀርባሉ፣ ኮታቸውን ይቦርሻሉ፣ አያናግሯቸውም። ለባለቤቴ ስደውልለት «ያልፋል» አለኝ፤ መንገድ ላይ ላለ ሰው ሁሉም ያልፋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እማማ የድሮ ሻንጣቸውን ከቁም ሣጥን አናት አውርደው አቧራውን ሲጠርጉ አገኘኋቸው። ጠርገው ሲያበቁ ስልክ አነሡና ወንድማቸው ጋ ደወሉ። እኔ ማድ ቤት ውስጥ ድስት የማጥብ መስዬ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ያ ያኔ ያገኘህልኝ ሰውዬ… አዎ፣ እሱ። አለ?… ስንቴ አገባ?… አሃ። ልጆቹስ?… ራሰ በራ ሆነ?… ጥርሱስ?… ሁሉም?… ምንም፣ ትዝ ብሎኝ ነው። ደህና ሁን።»

ስልኩን ዘጉ። ከዚያ የክረምት ብርድ ልብሶቹን ሻንጣው ውስጥ ከትተው ወደ ቦታው መለሱት። እኔ ያጠብኩትን ድስት እንደገና አጠብኩት።

በዚያው ምሽት መኪናዋ ድንገት ቀጥ አለች።

«ታናሿ እኅትስ?» አሉ እማማ፣ ዓይናቸውን ከአንሶላው ሳያነሡ።

አባባ ደነገጡ። «የቷ?»

«የወፍጮዋ።»

«ወፍጮው… ተቃጠለ።»

«ሰዓት ሠሪውስ?»

«አልታረቁም።»

እንዲህ እያሉ አንድ በአንድ አስቆጠሯቸው። አንዳንዱን አባባ ራሳቸው አያውቁትም፤ «ሙሉውን አላየሁትም» ይላሉ። እማማ ሲያበቁ አንሶላውን አራገፉት። «እኔ ደስ ብሎኝ ያለቀስኩባቸው ሁሉ ያንተ ናቸው ማለት ነው።»

«የእኔ ናቸው።»

«ጸሐፊዎቹ ምን ሆነው ነው ግን? ሁሉን ካቃጠሉት ለሰው ምን ይተርፈዋል?» አሉና መልሰው መርገጥ ጀመሩ። አባባ ፈገግ ለማለት ሲሞክሩ፣ «ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አሏቸው።

ትረካው ግን ተመለሰ። አሁን አዲስ ደንብ አለው። አባባ ገና ከመጀመራቸው በፊት እማማ «መጨረሻው አለ?» ይላሉ። አባባም ካለ አለ ይላሉ፤ ከሌለ ፎቅ ወጥተው ሙሉውን አይተው ይመጣሉ። ዋንጫዋ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ፣ በጥበቃው በፊሽካ ጠረጴዛ ተቀምጣለች። ለሚያልፍ ሰው ሁሉ እያሳየ፣ «የዓለም አትሌቲክስ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ለንደን ባለው ላይ ፊሽካ ይነፋበታል።

ባለፈው ሳምንት ቧንቧ ፈንድቶ ያበሰበሰው አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጥረዛ ክፍል ገባ። አባባ ምሳቸውን ትተው ሲያነቡት ዋሉ። ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«መጨረሻው አለ?» አሉ እማማ።

አባባ ጣታቸውን ፈቁ። ልጄን እያበላሁ ነበር፤ ማንኪያው በእጄ ላይ ቀረ። ደግሞ እንዳይጀምሩ አልኩ በሆዴ።

«የለውም» አሉ አባባ። «ፎቅም ሌላ የለም። ያለን እሱ አንዱ ነው።»

መኪናዋ ቆመች። እማማ ፊት መሀሉ የሳሳ አንሶላ ተዘርግቷል፤ ለሁለት ተርትረው ዳርና ዳሩን አጋጥመውታል። በመዳፋቸው ስፌቱን ዳበሱት።

«ደህና መጽሐፍ ነው?»

«እስካለበት ድረስ በጣም ደህና ነው።»

«ጀምር እንግዲያ።»

«መጨረሻው የለም አልኩሽ እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ገጹ የጠፋበት ቦታ ስትደርስ አፍህን ያዝ» አሉ እማማ፣ እግራቸውን መርገጫው ላይ እያደረጉ። «ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ ነኝ የምነግርህ።»

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ ጣታቸውን አልፋቁም።